ውስኪ ኮሊንስ አሰራር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዋሺንግተን አካባቢ ባር ውስጥ ስሰራም፣ ቤት እንግዳ ሲመጣም፣ ከአዲስ አበባ ዘመድ ሲደውልም የምጠየቃቸው ናቸው፣ ከቀላሉ ልጀምር።

ውስኪ ኮሊንስ ምንድነው?

ውስኪ፣ የሎሚ ጭማቂ፣ ስኳር፣ ብዙ በረዶና ጋዝ ያለው ውሃ በረዥም ብርጭቆ፣ በቃ ይሄው ነው። ልጅ ሆነን በማሰሮ ውሃ ሎሚና ስኳር በጥብጠው የሚሰጡንን አስታውሱና እሱ ላይ ውስኪና ጋዝ ጨምሩበት። ጆን ኮሊንስ የሚሉትም አሉ፣ የስሙ ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ስላለው ወደታች እመጣበታለሁ።

እንደ ሾት ባንዴ የሚጠጣ አይደለም፣ ይዛችሁት እያወራችሁ ግማሽ ሰአት የምታቆዩት ነገር ነው፣ ለዚህ ነው ሞቅ ባለ ቀን ከሰአት በኋላ ደስ የሚለው።

መጠኑ ስንት ስንት ነው?

ለአንድ ብርጭቆ ውስኪ 50 ሚሊ፣ የሎሚ ጭማቂ 25 ሚሊ፣ የስኳር ሽሮፕ 20 ሚሊ፣ ሶዳ (ጋዝ ያለው ውሃ) ከ90 እስከ 100 ሚሊ። ሽሮፕ ስል የሳል መድሃኒቱን እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፣ ስኳር በውሃ ሟሙቶ ነው፣ አሰራሩን ታች ጽፌዋለሁ።

ከዚህ ወዲያ ያለው የምላስ ጉዳይ ነው። የኛ ሰው ባብዛኛው ጣፈጥ ያለ ስለሚወድ መጀመሪያ 20 ሚሊ ሽሮፕ አድርጋችሁ ቅመሱት፣ ጥርስ የሚያጠርስ ከሆነ 5 ሚሊ ጨምሩ። የሎሚና የስኳሩን ሚዛን እንደፈለጋችሁ ተጫወቱበት፣ ውስኪውን ግን 50 ላይ ተዉት፣ ብዙ ውስኪ ስላለው የተሻለ ኮሊንስ አይሆንም፣ ሎሚ ሎሚ የሚል ውስኪ ነው የሚሆነው።

እንዴት ነው የሚሰራው? ቅደም ተከተሉስ?

ብርጭቆውን በበረዶ ሙሉት፣ ግማሽ ሳይሆን እስከ አፉ። ለብቻው ሼከር (መጠጥ የሚነቀነቅበት ክዳን ያለው እቃ) ውስጥ ውስኪ፣ ሎሚና ሽሮፕ ጨምሩ፣ በረዶ ጨምሩ፣ ክደኑትና ከ10 እስከ 12 ሰከንድ በደንብ ነቅንቁት፣ ሼከሩ ከውጪ ላብ ሲያወጣና እጃችሁን መያዝ ሲያቅተው ደርሷል። አጥልላችሁ በረዶ የሞላው ብርጭቆ ውስጥ ገልብጡት (ሼከር ውስጥ የነበረውን በረዶ አትጠቀሙበት፣ ተሰባብሮ ቶሎ ይቀልጣል)፣ ቀዝቃዛ ሶዳ ቀስ ብላችሁ ሙሉበትና በረዥም ማንኪያ ከስር አንዴ ወደላይ ሳብ አድርጉት፣ አንዴ ብቻ! እንደ ሻይ ስታማስሉት ጋዙን ራሳችሁ እያወጣችሁት ነው።

ሳይነቀነቅ እዛው ብርጭቆ ውስጥ የሚሰሩትም አሉ፣ እሱም ትክክል ነው። እኔ ነቅንቄ የምሰራው ሎሚና ሽሮፑ በደንብ ስለሚዋሃድና ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ ሶዳ ሼከር ውስጥ አይገባም። እኔ የመጀመሪያ ቀን አክስቴ ቤት ሁሉን ነገር አምቦውንም ጨምሬ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ ስነቀንቀው ክዳኑ ተፈናጥሮ ጣሪያ መታ፣ ውስኪና ሎሚው ነጩ መጋረጃ ላይ አለቀ። አክስቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ደግ ነው፣ ቤቴን ጠጅ ቤት አደረግክልኝ» ብላ ተመለሰች፣ እስከዛሬ አልረሳችልኝም።

ሼከርም መለኪያም የለኝም፣ በምን ልስራ?

ክዳኑ ጥብቅ የሚል ማንኛውም የመስታወት ጠርሙስ ሼከር ነው፣ የማርማላታ፣ የማር፣ የለውዝ ቅቤ፣ ሽታው እስኪለቅ ታጥቦ። ለማጥለል የሻይ ማጥለያ ከበቂ በላይ ነው፣ የሎሚውን ፍሬና ገለባም ይይዝላችኋል።

ለልክ ደግሞ ማንኪያ አለላችሁ። አንድ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ። ስለዚህ ውስኪው 3 የሾርባና 1 የሻይ ማንኪያ፣ ሎሚው 1 የሾርባና 2 የሻይ፣ ሽሮፑ 1 የሾርባና 1 የሻይ። ቤት ያለችውን የአረቄ መለኪያ መጠቀም ይቻላል ግን መለኪያ ከመለኪያ በጣም ይለያያል፣ አንዴ ውሃ ሞልታችሁ በሾርባ ማንኪያ ስንት እንደምትይዝ ቁጠሩና ከዛ በኋላ እድሜ ልክ ታውቋታላችሁ።

ብርጭቆው ከ300 እስከ 400 ሚሊ የሚይዝ ቀጥ ያለና ጠባብ ቢሆን ይመረጣል፣ አፉ ሰፊ ሲሆን ጋዙ ቶሎ ይወጣል። ረዥም የጁስ ብርጭቆ ጥሩ ነው፣ እሱም ከጠፋ የጃምቦ ብርጭቆ፣ ማንም ፖሊስ አይመጣም።

የትኛው ውስኪ ነው የሚሻለው? ብላክ ሌብል ይሆናል?

የዚህ መጠጥ ነባር ጓደኛ የአሜሪካኑ በርበን ነው። በርበን በህግ ቢያንስ 51 ፐርሰንት በቆሎ ሆኖ ውስጡ በተቃጠለ አዲስ የኦክ በርሜል ውስጥ መቀመጥ አለበት፣ እንጨቱ ነው ያን የቫኒላና የካራሜል ጣፋጭነት የሚሰጠው፣ ከሎሚ ጋር ሲገናኝ እጅና ጓንት ናቸው። ጂም ቢም፣ ቡፋሎ ትሬስ፣ ሜከርስ ማርክ፣ ያገኛችሁት ይሁን። ጃክ ዳንኤልም በዛው መንገድ ይሄዳል። ጄምሰን ደግሞ ለስለስ ያለ ስለሆነ ውስኪ ለማይወድ ሰው ስትሰሩ ጥሩ መግቢያ ነው።

ብላክ ሌብል ይሆናል ግን የጭስ ጣእም አለው፣ ጭስና ሎሚ አንዳንዱ ሰው ይወደዋል አንዳንዱ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ ይላል። ሬድ ሌብል በርካሽ ዋጋው ለዚህ ስራ አያሳፍርም። ጎልድ፣ ብሉ፣ 18 አመት ምናምን ካላችሁ ግን እባካችሁ ለብቻው ጠጡት፣ 25 ሚሊ ሎሚ የከፈላችሁበትን ነገር በሙሉ ነው የሚሸፍነው። አንዴ አንድ ትልቅ ሰውዬ ከፊታቸው ብሉ ሌብል አስቀምጠው «ያን የሎሚ ነገርህን በዚህ ስራልኝ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ይሄንንስ እንዲሁ ይጠጡት፣ ሎሚውን በሌላ ልስራልዎ» ስላቸው ትንሽ አሰቡና «እውነትህን ነው፣ ሚስቴ ብትሰማ ሁለታችንንም ነው የምትገለን» ብለው ሳቁ። የኛ ሰው ውስኪ ላይ ያለው ነገር የጠርሙሱ ክብር ነው፣ ጠረጴዛ ላይ መታየቱ። ኮሊንስ ላይ ግን ጠርሙሱ አይታይም፣ የሚቀመሰው ሎሚውና የሶዳው ቅዝቃዜ ነው፣ ገንዘብ ካላችሁ እዛ ላይ አውሉት።

ሎሚ ሲባል የትኛው ነው? ቢጫው ወይስ የኛው ትንሿ?

ይሄ ጥያቄ ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው፣ ምክንያቱም እኛ ሁለቱንም ሎሚ ነው የምንላቸው። እዚህ አሜሪካ ትልቁ ቢጫ «ሌመን» ይባላል፣ አረንጓዴው «ላይም» ይባላል፣ አገር ቤት ገበያ ላይ በመደብ የሚሸጠው ቆዳው ስስ የሆነው ትንሹ ሎሚ ወደ «ላይም» ነው የሚጠጋው። ኮሊንስ በወረቀት ላይ የሚለው ሌመን ነው፣ ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ «ግማሽ ሎሚ» ሲል ሰምታችሁ የኛን ግማሽ ሎሚ ብትጨምቁ ጠብታ ነው የምታገኙት። ቢጫው አንዱ ከ30 እስከ 45 ሚሊ ይወጣዋል፣ የኛው ትንሹ እንደ ሎሚው ሁለትም ሶስትም ያስፈልጋል። ለዚህ ነው በፍሬ አትቁጠሩ በማንኪያ ለኩ የምለው።

ጣእሙ ላይ ኮምጣጣነታቸው ብዙም አይራራቅም፣ የኛው ግን ሽታው ጠንካራ ነው፣ ከልጣጩ መረር የሚል ነገር ይመጣል፣ ስለዚህ ስትጨምቁ እስከ መጨረሻው እንደ ልብስ አትጠምዝዙት። በኛ ሎሚ ሰርታችሁ ስህተት አይደለም፣ እንደውም ከኮሊንስ ቀጥሎ የምነግራችሁ ሪኪ የሚባለው መጠጥ በ«ላይም» ነው የሚሰራው። ከመቁረጣችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ በመዳፋችሁ ተጫን አድርጋችሁ አንከባሉት፣ ከፍሪጅ የወጣ ከሆነ ትንሽ ይሙቅ፣ ብዙ ጭማቂ ይሰጣል። የታሸገ የሎሚ ጭማቂ አይሁን፣ ያ የተኛ ጣእሙ ሶዳ ሲገባበት ይብስበታል።

በነገራችን ላይ ግቢ ውስጥ ፀሀይ ላይ ቁጭ ብላችሁ ሎሚ አትጭመቁ። የሎሚ ጭማቂ በተለይ የላይም ቆዳ ላይ እያለ ፀሀይ ሲያገኘው እንደ እሳት አቃጥሎ ጥቁር ነጠብጣብ ጥሎ ይሄዳል፣ ለሳምንታት አይለቅም። ውስጥ ጨምቁ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ከዛ ውጡ።

ሽሮፑን እንዴት ልስራ? ስኳር እንዲሁ ብጨምርስ? ማርስ?

ስኳር እንዲሁ ከጨመራችሁ ቀዝቃዛ ነገር ውስጥ አይሟሟም፣ ታች ይዘቅጥና የመጀመሪያው ጉንጭ ሆምጣጤ የመጨረሻው ከረሜላ ይሆናል። አንድ ኩባያ ስኳር ባንድ ኩባያ ሙቅ ውሃ አማስሉ፣ ጥርት ሲል ጨርሷል፣ መፍላት አያስፈልገውም። ወደ አንድ ኩባያ ተኩል ሽሮፕ ይወጣችኋል፣ በንጹህ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሶስት ሳምንት ይቆያል። ደመናማ ነገር ካያችሁበት ድፉት።

ማር በጣም ደስ ይላል፣ በርበን ከማር ጋር ሲሆን እንደውም ስኳር አያምረኝም። ማሩን ከግማሹ መጠን ለብ ካለ ውሃ ጋር አሟሙት፣ እንዲሁ ከጣላችሁት በረዶው ላይ ይረጋል። ማር ከስኳር ሽሮፕ ስለሚጣፍጥ 20 ሳይሆን ከ15 ጀምሩ። ሰሙና እንጀራው ያልወጣለት ጥሬ ማር ከሆነ ቀድማችሁ አጥልሉት።

ሶዳ ማለት ስፕራይት ነው? አምቦ ውሃ ይሆናል?

ስፕራይት አይደለም! ስፕራይት ስኳርም ሎሚ ሎሚ የሚል ጣእምም አለው፣ እሱን ከጨመራችሁ ሽሮፕና ሎሚ የለካችሁት ለምንድነው ታዲያ። ቶኒክም አይደለም፣ ቶኒክ ኩዊኒን የሚባል መራራ ነገር ስላለው ይመራል። ሶዳ እዚህ ጋር ስኳር የሌለው፣ ጋዝ ብቻ ያለው ውሃ ነው። (አዲስ አበባ ያለች የአጎቴ ልጅ «ሶዳ ጨምሪ» ስላት የዳቦውን ሶዳ እንዳይሆን ብላ ደውላ ጠየቀችኝ፣ መጠየቋ ጥሩ ነው።)

አምቦ ይሆናል፣ በጣም ይሆናል፣ ግን ጠባዩን እወቁት። አምቦ ከመሬት ማእድኑን ይዞ የሚወጣ ውሃ ነው፣ ባይካርቦኔት አለበት፣ ባይካርቦኔት ደግሞ ኮምጣጣ ነገርን ያበርዳል። አምቦ ላይ ሎሚ ስትጨምቁ ሽሽሽ ብሎ የሚገነፍለው እሱ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ፣ ሎሚውን በአንድ የሻይ ማንኪያ ከፍ አድርጉ፣ አምቦውን ደግሞ ብርጭቆውን ዘንበል አድርጋችሁ በጠርዙ በኩል ቀስ ብላችሁ ቅዱ አለዚያ ጠረጴዛው ነው የሚጠጣው። ትንሽ ጨው ጨው የሚለው ነገሩ ከበርበን ጋር ለኔ ከተራው ሶዳ የተሻለ ነው፣ እዚህ ሀበሻ ሱቅ ሳገኝ ሁለት ሶስት ጠርሙስ ይዤ ነው የምወጣው።

የትኛውም ይሁን ቀዝቃዛ ይሁን፣ ይሄ ዋናው ነገር ነው። ጋዝ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ የሞቀ ሶዳ በረዶ ላይ ስታፈሱት ወዲያው አረፋ ሰርቶ ጋዙ ይሄድና የቀረው ውሃ ነው። ማታ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ትናንት የተከፈተ ትልቅ ፕላስቲክ ሶዳ ለዚህ አይሆንም፣ ትንንሹን ጠርሙስ ግዙ።

ለምንድነው የኔ ቶሎ ውሃ ውሃ የሚለው?

በረዶ ስለቆጠባችሁ። ሰው ሁሉ በረዶ ሲበዛ መጠጡ ይቀጥናል ብሎ ያስባል፣ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፣ ሶስት ፍሬ በረዶ የሞቀውን ሁሉ ብቻዋን ለማቀዝቀዝ ስትሞክር ትቀልጣለች፣ ብርጭቆው ሙሉ ሲሆን ግን ተረዳድተው ቶሎ ያቀዘቅዙትና ቀስ ብለው ነው የሚቀልጡት። ትልልቅ ፍሬ ከተገኘ ይመረጣል። ብርጭቆውንም አስር ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ ብታስቀምጡት ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ሌላው የበረዶው ሽታ ነው። በረዶ ክፍት ሆኖ ፍሪዘር ውስጥ ሲከርም አጠገቡ ያለውን ሁሉ ይስባል፣ የኛ ፍሪዘር ደግሞ ምን እንዳለበት ይታወቃል፣ ስጋ፣ በርበሬ፣ የተነጠረ ቅቤ፣ የቁሌት እቃ። አንድ ቤት ሄጄ ሁሉን ነገር በስርአቱ ሰርቼ ስቀምሰው ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ አለኝ፣ ለባለቤቶቹ አልነገርኳቸውም። የዛኑ ቀን ወይ ከአንድ ቀን በፊት አዲስ ውሃ አስገቡ፣ በላስቲክ ሸፍኑት።

ከውስኪ ሳወር፣ ከሃይቦልና ከሪኪ በምን ይለያል? እንቁላልስ ይገባበታል?

ውስኪ ሳወር ያው ውስኪ ሎሚና ስኳር ነው ግን ሶዳ የለውም፣ አጭር ብርጭቆ ነው፣ የእንቁላል ነጭም የሚገባው እሱ ላይ ነው (ግዴታ አይደለም)። ኮሊንስ ላይ እንቁላል አይገባም። ሃይቦል ደግሞ ውስኪና ሶዳ ብቻ ነው፣ ጃፓኖች የሚያብዱለት፣ ሎሚ ካለም የልጣጩ ሽታ ያህል ነው። ስለዚህ ኮሊንስን ሳወር እና ሃይቦል ተጋብተው የወለዱት ልጅ በሉት።

ሪኪ ለኛ ለዲሲ ሀበሾች የጎረቤት ልጅ ነው። በ1880ዎቹ እዚሁ ዋሺንግተን ሹሜከርስ የሚባል ባር ውስጥ ጆ ሪኪ ለሚባል የሚዙሪ ፖለቲከኛ የተሰራ መጠጥ ነው ይባላል፣ በርበን፣ ግማሽ ላይም ተጨምቆ ልጣጩም እዛው ተጥሎ፣ በረዶና ሶዳ፣ ስኳር ጭራሽ የለውም። በኋላ በጂን ሲሰራ ነው በጣም የታወቀው። በ2011 (በፈረንጅ) የከተማዋ ምክር ቤት ሪኪን የዲሲ መጠጥ ብሎ እውቅና ሰጥቶታል። ስኳር የቀነሰ ሰው ወይም ጣፋጭ የማይወድ ሰው ኮሊንስ አይሆነኝም ሲላችሁ ይሄን ስሩለት፣ አገር ቤት ደግሞ ለኛው ትንሿ ሎሚ የተሰራ ነው የሚመስለው።

ጆን ኮሊንስ ነው ቶም ኮሊንስ? ለምን አንዳንድ ቦታ ጆን ኮሊንስ በጂን ነው ይላሉ?

ዛሬ አሜሪካ ባር ውስጥ ቶም ስትሉ በጂን፣ ጆን ስትሉ በበርበን ይሰሩላችኋል፣ ይሄ የተለመደው ነው። ግን አለም አቀፉ የባርቴንደሮች ማህበር ዝርዝር ላይ ጆን ኮሊንስ በጂን ነው የተጻፈው፣ አውሮፓ ያላችሁ ጆን ብላችሁ አዝዛችሁ ጂን ቢመጣላችሁ ባርማኑ አልተሳሳተም። ለዚህ ነው እኔ «ውስኪ ኮሊንስ» ብላችሁ እዘዙ የምለው፣ ክርክር የለውም።

የስሙ ምንጭ ለንደን ኮንዲዊት ስትሪት ላይ በነበረው ሊመርስ የሚባል ሆቴል አስተናጋጅ የነበረ ጆን ኮሊን ወይም ኮሊንስ የሚባል ሰው ነው ይላሉ፣ የሱ መጠጥ ግን በጂን ነበር። ቶም ደግሞ ከ1874ቱ የአሜሪካኖች ቀልድ ጋር ይያያዛል፣ አንዱ ተነስቶ ለጓደኛው «ቶም ኮሊንስ የሚባል ሰው እዛ ባር ቁጭ ብሎ ስምህን እያጠፋ ነው» ይለዋል፣ ሰውየው በንዴት ባር ለባር ሲዞር ያመሻል፣ ቶም ኮሊንስ የሚባል ሰው ግን የለም። ሁለት አመት ቆይቶ በ1876 በወጣው የጄሪ ቶማስ የባርቴንደሮች መመሪያ ላይ ቶም ኮሊንስ በውስኪም በብራንዲም በጂንም ሶስቱም ተጽፏል። ስለዚህ «በውስኪ ኮሊንስ የለም» የሚላችሁ ካለ ከመቶ አርባ አመት በላይ ዘግይቷል።

ለ15 ሰው እንዴት ላዘጋጅ? አንድ በአንድ እየነቀነቅኩ አመሻለሁ እንዴ?

አንድ 750 ሚሊ ጠርሙስ ውስኪ በ50 ሚሊ ሲካፈል ልክ 15 ሰው ነው። ከሱ ጋር 375 ሚሊ ሎሚ፣ 300 ሚሊ ሽሮፕና 300 ሚሊ ውሃ ጆግ ውስጥ ደባልቁ። ውሃው ለምን ካላችሁ ስትነቀንቁት ከበረዶው ይቀልጥ የነበረውን ለመተካት ነው፣ ይሄን ካልጨመራችሁ ይከብዳል። ጆጉን ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሶስት ሰአት አቆዩት፣ እንግዳ ሲመጣ በረዶ የሞላ ብርጭቆ ውስጥ 115 ሚሊ እየቀዳችሁ ሶዳውን እያንዳንዱ ብርጭቆ ላይ ጨምሩ። ሶዳ ጆጉ ውስጥ አይገባም፣ ገብቶ ከሆነ አስረኛው ሰው ጋር ሲደርስ ጋዝ የለውም። ወደ አንድ ሊትር ተኩል ሶዳ ያስፈልጋችኋል፣ የተወሰነ ትርፍ ያዙ።

ሎሚውን የዛኑ ቀን ጨምቁ። ማታ ጨምቆ ማሳደር ይቻላል ብላችሁ ብትከራከሩኝ ይቻላል፣ ግን ሽታው ሄዷል። በረዶ ደግሞ የቤት ፍሪዘር ለ15 ሰው አይበቃም፣ ሁልጊዜ የሚያልቀው በረዶ ነው፣ ከሱቅ ግዙ።

እንደ ቢራ ነው የሚመስለኝ፣ ስንት አልኮል አለው?

አይደለም፣ እዚህ ጋር ነው ሰው የሚሸወደው። 50 ሚሊ 40 ፐርሰንት ውስኪ ማለት 20 ሚሊ ንጹህ አልኮል ነው፣ አንድ 330 ሚሊ 5 ፐርሰንት ቢራ ደግሞ 16.5 ሚሊ። ከሎሚው ከሶዳውና ከቀለጠው በረዶ ጋር ሲደባለቅ ወደ 9 ፐርሰንት ይመጣል፣ ከቢራ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፣ ግን ስኳርና ሎሚው ስለሚሸፍነው አፋችሁ ላይ አይታወቃችሁም። ሁለት ከጠጣችሁ ሁለት ተኩል ቢራ ገደማ ጠጥታችኋል፣ መኪና ይዛችሁ ከመጣችሁ ቁልፉን ስጡ።

መድሃኒት ላይ ያለ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ፋርማሲስቱን ይጠይቅ፣ በተለይ ለአሜባና ለጃርድያ የሚሰጡት ሜትሮኒዳዞልና ቲኒዳዞል ከአልኮል ጋር አይወሰዱም፣ ጨርሳችሁም ለተወሰኑ ቀናት መቆየት አለባችሁ። «አንዲት ብቻ ናት፣ ያውም በሎሚ» የሚባል ነገር የለም።

ለማይጠጣ ሰው ተመሳሳይ ነገር መስራት ይቻላል?

ይቻላል፣ ሻይ ነው መልሱ። ጥቁር ሻይ ወፈር አድርጋችሁ ቀረፋና ሁለት ቅርንፉድ ጨምራችሁ አፍሉት፣ ይቀዝቅዝ፣ ከሱ 60 ሚሊ በውስኪው ቦታ ተኩ፣ ሎሚና ሽሮፑ እንዳለ ሆኖ ሶዳውን ወደ 120 አድርሱት። ሻይ ምላስን የሚያደርቅ ነገር አለው፣ ያ ነው በርሜል ውስጥ የቆየ ውስኪ ውስጥ ያለውን የሚያስታውሰው፣ ቀለሙም አንድ ነው። ጾም ላይ ያለውም፣ ነፍሰጡሯም፣ ሹፌሩም ያንኑ ረዥም ብርጭቆ ይዞ ይቀመጣል፣ ማንም «አንተ ለምን አትጠጣም» ብሎ አይነዘንዘውም። ብርጭቆዎቹ እንዳይቀያየሩ ብቻ አንዱ ላይ ብርቱካን ሌላው ላይ ሎሚ አድርጉ።

ሁሉንም እንደተባለው አደረግኩ ግን ባር የምጠጣውን አይመስልም፣ ምን ጎደለ?

ሶዳው ከመግባቱ በፊት ቀምሳችሁታል? ብዙ ሰው የሚቀምሰው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያኔ ደግሞ ማስተካከል አይቻልም፣ ማማሰል ከጀመራችሁ ጋዙ ሄደ። ነቅንቃችሁ እንደጨረሳችሁ በማንኪያ ቅመሱ፣ በዛ ሰአት በጣም ጠንካራ፣ በጣም ኮምጣጣ፣ በጣም ጣፋጭ መሆን አለበት፣ ሶዳው ሊያቀጥነው ስለሆነ። እዛ ላይ «ልክ ነው» ካላችሁ ብርጭቆው ውስጥ ሲገባ ሳስቶ ነው የሚቀርበው።

ከዛ ባለፈ ባር ውስጥ የሚደረጉ ትንንሽ ነገሮች አሉ። ጥፍር ላይ የምትቀር ጨው ሼከሩ ውስጥ ይገባል፣ ጨው ጨው አይልም ሎሚውን ነው የሚያወጣው፣ አምቦ ከሆነ ሶዳችሁ ይሄን ዝለሉት። አንጎስቱራ ቢተርስ (በጠብታ የሚጨመር መራራ የቅመም ቅምር) ካላችሁ ሁለት ጠብታ። የብርቱካን ልጣጭ ቀጭን ቆርጣችሁ ብርጭቆው አናት ላይ ጠምዘዝ ስታደርጉት የምትረጨው ዘይት አለች፣ የመጀመሪያውን ጉንጭ ከመጠጣታችሁ በፊት አፍንጫችሁ የሚያገኘው እሷን ነው፣ ባር የሸተታችሁ ያ ነው። ቼሪውን ግን ለፎቶ ካልሆነ ተዉት።